ጋሽ ተፈራ እና አሥራ አራቱ ካሴቶች

እትዬ አስቴር ከኡካ ደወሉ። «ደህና ነሽ ወይ ሶስና?» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ልጆቼስ? ደህና ናቸው። ባለቤቴስ? እሱም አለ። ወገቤን እንዴት አደረገኝ? ተሻለኝ። መቱ ላይ ዝናቡ እንዴት ነው? ያው ነው፣ መቼ ተቋርጦ ያውቃል። የጎረቤቴን አማት ጤና ሲጠይቁኝ ገባኝ። እኛ አገር ሰላምታ ሲረዝም ደግ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ግን መርዶ ነው።

«እትዬ፣ ማን ሞተ?» አልኳቸው ቁርጥ አድርጌ።

«ጋሽ ተፈራ» አሉ።

አለቀስኩ። ምን ይዋሻል፣ አልቅሼ ሳልጨርስ ደግሞ ሳቄ መጣ። በእሳቸው መሳቅ አመል ሆኖብኝ ነው። ቀብሩ ላይ እንኳ እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ አንዱ እያለቀሰ «ላሟ!» ሲል ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። ስለ ላሟ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ሰውዬው።

ጋሽ ተፈራ መቱ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ የርቀት ትምህርት ማዕከል አስተባባሪ ነበሩ፤ እኔ ጸሐፊያቸው። ማዕከል ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ስልክ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ከዚያ እኔ። ኮሌጁ ያለው አዲስ አበባ ነው። ተማሪዎቻችን ሁሩሙ፣ ኡካና ከዚያም ወዲያ የሚያስተምሩ አሥራ አራት የአንደኛ ደረጃ መምህራን ነበሩ፤ ሥራቸውን ሳይለቁ በእንግሊዝኛ ዲፕሎማ ሊይዙ የተመዘገቡ። ኮሌጁ ግን አላመነንም። «ለአንድ ዓመት ሙከራ ነው» ብሎ ጻፈልን። በዓመቱ መጨረሻ ፈታኝ ከአዲስ አበባ ይደውልና እያንዳንዱን ተማሪ አምስት አምስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ያናግራል፤ ግማሾቹ ካላለፉ ማዕከሉ ይዘጋል።

ይህ ለሁሉም ክፉ ነበር፣ ለእትዬ አስቴር ግን የባሰ። ሃያ ዓመት ኡካ ላይ አንደኛ ክፍል አስተምረዋል። ዲፕሎማ ካልያዙ ከክፍል ወጥተው የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት እንደሚመደቡ ተነግሯቸዋል። «ከልጆቹ ለይተው ከጠመኔ ካርቶን ጋር ሊያኖሩኝ እኮ ነው» ይሉ ነበር፤ እያሉ ይስቃሉ፣ ዓይናቸው ግን አይስቅም።

ጋሽ ተፈራ አጭር፣ ደረቅ ያሉ፣ ፈጣን ሰው ነበሩ። ከግራጫ ኮታቸው ኪስ ሦስት እስክሪብቶ አይጠፋም፤ ሁለቱ ለመጻፍ፣ አንዱ የተዘረገፈ ካሴት ለመጠምጠም። ሲያስቡ ምላሳቸውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። ሊዋሹ ሲሉ መነጽራቸውን ይወለውላሉ፤ ይህንን ያወቅሁት ከብዙ ወር በኋላ ስለሆነ ብዙ ተሸውጃለሁ። ለዓይን አፋር ተማሪ ሁሉ አንድ ነገር ነበር የሚናገሩት፤ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። እውነት ነው። እንግሊዝኛም አይገባም!»

ሞጁሉ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲመጣ የእኛን ዝናብ ጠጥቶ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነው የሚደርሰው። ተማሪዎቹ ደግሞ ጎበዞች ናቸው፣ ከዳር እስከ ዳር ይሸመድዱታል። እትዬ አስቴር ሃያ ሰባተኛውን ገጽ ከነነጠላ ሰረዙ ይወጡታል፤ በእንግሊዝኛ ስምዎ ማነው ሲባሉ ግን ላብ ያጠምቃቸዋል። ጋሽ ተፈራ ይህንን አይተው ምላሳቸውን ሲያንቋቁ ዋሉና፣ «ሶስና፣ ቋንቋ በዓይን አይገባም። ካሴት አምጪ» አሉ።

ሞባይል ገና ኡካ ባልደረሰበት ዘመን ነው። አሥራ አራት ካሴት፣ በየአንዳንዱ ላይ የተማሪ ስም። በአንደኛው ገጽ እሳቸው ትምህርቱን ይቀዳሉ፤ በጀርባው ተማሪው መልሱን ቀድቶ ይመልሳል። ካሴቱን የሚያደርስልን የሚኒባስ ሹፌሩ ነጋሽ ነው። ቴክኖሎጂ ማለት ያኔ ይኸው ነበር። ችግሩ ዝናቡ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከጋሽ ተፈራ እንግሊዝኛ ይልቅ የሰማዩ ይቀዳል። ስለዚህ ጋቢያቸውን ከነራሳቸው ተከናንበው፣ ቴፑን ጉያቸው አስገብተው፣ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ይቀዳሉ። አንድ ቀን የኮሌጁ ተቆጣጣሪ ድንገት መጣ። ጠረጴዛ ሥር ያለ ጋቢ በእንግሊዝኛ «ደግማችሁ በሉ!» እያለ ሲጮህ ሰምቶ እኔን አየኝ። «አስተባባሪው ናቸው» አልኩት። ምን ልበል ታዲያ? ኋላ ቴሌግራም መጥቶ ካሴቱ ሲቀር እንኳ ጋቢውን አልተዉም፤ ስልካቸውን ይዘው ይከናነባሉ።

ነጋሽም የራሱን ጨመረበት። የዘፈን ካሴቴ ተበላሽቷል ብሎ የእኛን ማጫወት ጀመረ። ሁሩሙ ገበያ የሚሄደው ሰው ሁሉ ማር ታቅፎ፣ ዶሮ ይዞ፣ የአቶ ገመቹን መልስ እየሰማ ይሄዳል። አቶ ገመቹ የሁሩሙ ተማሪያችን ናቸው፤ አስተማሪም ንብ አርቢም። ገበያ መሃል አንዲት አሮጊት አስቁመው፣ «ገመቹ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ስተኸዋል» አሏቸው፣ በኦሮምኛ። አቶ ገመቹ በቁጣ መቱ ድረስ መጡ። ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «ነጋሽን እቆጣዋለሁ» አሉ። ቆይቼ ደረስኩበት፤ ነጋሽን ያዘዙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። «ሰው ይሰማኛል ብሎ የሚፈራ ተማሪ አጥንቶ ነው የሚቀዳው» አሉኝ።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ። የመጀመሪያዎቹ ካሴቶች ተመልሰው ሲመጡ ጋሽ ተፈራና እኔ ተቀምጠን ሰማን። እትዬ አስቴር በአማርኛ ጀመሩ፤ እንደምን ሰነበቱ ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ጎረቤቱ ደህና ነው። አቶ ገመቹ በኦሮምኛ፤ አካም ጅርቱ፣ ፈያዳ፣ ነጋዳ፣ ዝናቡ፣ ቡናው፣ ንቡ። ገጹ ሙሉ ሰላምታ! መጨረሻ ላይ «እሺ እንግዲህ፣ መልመጃ አንድ…» ሲሉ ቀጭ! ካሴቱ አለቀ። አሥራ አራቱም እንዲሁ። ታላቅን ሰው በወጉ ሳይጠይቁ እንዴት መልመጃ ውስጥ ይገባል? ነውር ነው።

ሌላ መምህር ቢሆን ይቆጣ ነበር። ጋሽ ተፈራ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። «አገኘኋቸው! እነዚህ ሰዎች ሠላሳ ደቂቃ የሚናገሩት አላቸው!» ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ገቡና ለሁሉም አንድ ትእዛዝ ቀዱ፤ ሰላምታው አይቀርም፣ በእንግሊዝኛ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ምን ልንገራችሁ። ሞጁሉ ውስጥ የሌለ እንግሊዝኛ መጣ። ንቦችዎ ቀፎ ገቡ ወይ? ጎርፉ መንገዱን ወሰደው ወይ? የእህትዎ ልጅ ጥርስ አወጣ ወይ? መዝገበ ቃላት አገላብጠው፣ ነጋሽን ጠይቀው፣ ተሳስተው፣ ግን ይናገራሉ።

ለጥያቄ ደግሞ መልስ ያስፈልጋል። ጋሽ ተፈራ ብቻቸውን የሚኖሩ የከተማ ሰው ናቸው፤ ከብት የለ፣ ንብ የለ። ስለዚህ ፈጠሩ። አንድ ሳምንት «ላሜ ታማብኛለች» ብለው በእንግሊዝኛ ቀዱ፤ ሆዷ ተነፍቷል፣ ሣር አትበላም፣ ማታ ታቃስታለች። ለሕመም ቃላት ማለማመጃ ነበር። በሳምንቱ አሥራ አራቱም ካሴት ሐዘን ሆኖ መጣ። አንዱ ተስሎላታል። ይህ ሳያንስ እትዬ አስቴር ከኡካ ድረስ፣ በዚያ ጭቃ፣ መድኃኒት ቅጠል በቋጠሮ ይዘው ከች አሉ።

«ተሽሏታል እትዬ» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ መነጽራቸው መሐረብ ውስጥ ነው።

«እሰይ! እስቲ ልያት።»

«ተኝታለች።»

«ላም በጠራራ ፀሐይ?»

ጋሽ ተፈራ በጓሮ በኩል ዞረው ከጎረቤት ከብት ሊዋሱ ሮጡ። ያ ጎረቤት ያለው ደግሞ አንድ በሬ ብቻ ነው። ምን ያድርጉ፣ ጎትተው አመጡት። እትዬ አስቴር በሬውን ከፊት አዩት፣ ዞረው ከኋላ አዩት። ከዚያ በጣም በተጨነቀ ድምፅ፣ «ጋሼ» አሉ፣ «ይቺ ላምዎስ የእውነት ታማለች።»

እኔ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። እትዬ አስቴር አልተቆጡም። ቅጠሉን ለበሬው አብልተው፣ በእንግሊዝኛ «ምሕረቱን ያምጣላት» ብለው ሄዱ። ጋሽ ተፈራ ያን ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲደጋግሙት ዋሉ። «ሰማሽው? አንድም ስህተት የለው» ይሉኛል።

ፈተናው ደረሰ። አሥራ አራቱ በማለዳ መቱ ገቡ፤ ታጥበው፣ ተቀብተው፣ ክት ለብሰው። ድምፅ የሚያጎላውን ስልክ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥን። ጋሽ ተፈራ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ተፈቅዶላቸዋል፣ መናገር ግን ክልክል ነው። ስልኩ ጮኸ። የፈታኙ ድምፅ ወጣት ነው፣ ደረቅ፣ የቸኮለ።

መጀመሪያ አቶ ገመቹ ተቀመጡ። ፈታኙ በእንግሊዝኛ «ራስዎን ያስተዋውቁ» አላቸው። አቶ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዴት አደርክ አሉት። ቤተሰብህስ? ዝናቡስ? ንቦችህስ?

«ንብ የለኝም» አለ ፈታኙ።

«ለምን? አዲስ አበባ አበባ የለም?»

አምስት ደቂቃው አለቀ። ሁለተኛውም እንዲሁ፣ ሦስተኛዋም እንዲሁ። እንግሊዝኛው እንደ ሶር ፏፏቴ ይወርዳል፤ የተጠየቀውን የሚመልስ ግን የለም! ፈታኙ ጥያቄ አንድን ገና አልጀመረም። ጋሽ ተፈራ ፊታቸው አመድ መሰለ። የሞጁል ጀርባ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሰላምታ ይቅር!» ብለው ጽፈው አነሱ። ተማሪዎቹ እናታችሁን በጥፊ ምቱ የተባሉ ይመስል አዩአቸው። የእትዬ አስቴር ተራ ደረሰ። ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበሉ፣ አጠፉት፣ ተቀመጡበት።

«እንዴት ነህ?» አሉ በእንግሊዝኛ።

«ደህና ነኝ። እባክዎ ራስዎን…»

«እናትህ እንዴት ናቸው?»

እኔ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ በጣም ዝግ ብሎ፣ «ደህና አይደለችም» አለ።

በቃ፣ ፈተናው እዚያ ላይ አበቃ። ምናቸውን ነው የሚያማቸው? ከመቼ ጀምሮ? ምግብ ይበላሉ? ማን አለ አጠገባቸው? እህቴ አለች። አንተስ? እኔ ሥራ ላይ ነኝ። የጋሽ ተፈራ ላም የታመመችበት እንግሊዝኛ አንድም ሳይቀር ወጣ። «ልጄ» አሉት እትዬ አስቴር፣ «ፈተና ሁልጊዜ አለ። ቅዳሜ ሂድ።» ሩብ ሰዓት ሙሉ አወሩ። መጨረሻ ላይ ፈታኙ «ለዛሬ በቃኝ» ብሎ ዘጋው። ማርክ የለ፣ ምን የለ። አሥሩ ደግሞ ጭራሽ አልተፈተኑም።

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። እትዬ አስቴር በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የሰው እናት ታማ እንዴት ልለፋት?» አሉ። ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አወለቁ፤ የዚያን ቀን ግን አልወለወሉትም፣ ዓይናቸውን ነው የጠረጉት። «በደንብ አስተምሬያቸዋለሁ ሶስና» አሉኝ። «የጣልኳቸው እኔ ነኝ።» እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ የኮሌጁ ኃላፊ ደወለ። ከመቱ አንድም ማርክ አልመጣም፤ ምን ሆናችሁ ነው? ጋሽ ተፈራ አሰብ አደረጉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ መወልወል ሲጀምሩ ልቤ ዘለለ።

«መስመሩ ነው ጌታዬ! ጥያቄው መቼ ተሰማንና!» በሌላ እጃቸው የስኳር ላስቲክ አንስተው ስልኩ አፍ ላይ ያንኮሻኩሹታል። «ይኸው… ይሰማዎታል?… እንዲህ ነበር!»

ኃላፊው ፈታኙን እጠይቃለሁ ብሎ ዘጋ። ይብላኝ ለእኛ! ፈታኙ እኮ ሁሉን ሰምቷል። ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ ጋሽ ተፈራ ምላሳቸውን ያንቋቃሉ፣ እኔ እጸልያለሁ። ለውሸት መጸለይ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ስልኩ ጮኸ። «ፈታኙም መስመሩ ክፉኛ ይቆራረጥ ነበር ብሏል» አለ ኃላፊው። «በሦስት ሳምንት ይደገማል። ይህ የመጨረሻው ነው።»

ተያየን። ሰውዬው ዋሸልን!

ሦስቱንም ቅዳሜ ተማሪዎቹን ሰብስበው አሠለጠኗቸው። ተማሪው ያልተሰካ ስልክ ፊት ይቀመጣል፣ ጋሽ ተፈራ ደጅ ቆመው በመስኮት ይጠይቃሉ፣ «ሃው አር ዩ» ያለ ሁሉ የመስኮቱ መዝጊያ ጓ ብሎ ይዘጋበታል።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ብልግና ነው» አሉ አቶ ገመቹ።

«ብልግናውን ለአምስት ደቂቃ ቻሉት። ስለ እናቱ ደግሞ ማንም እንዳይጠይቅ!»

የፈተናው ቀን አሥራ አራቱም ገቡ። ደወለ። ጥያቄ ሲመጣ መልስ፣ ጥያቄ ሲመጣ መልስ። አቶ ገመቹ ንብ ሳያነሱ ጨረሱ፤ ሲነሱ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። እትዬ አስቴር የቀን ውሏቸውን፣ ክፍላቸውን፣ ልጆቹን ተናገሩ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ተነሱ። አንድ ሰው እንኳ ደህና ነህ ወይ አላለውም። እኔ ራሴ አፌን በላኝ።

«ውጤት በደብዳቤ ነው የሚነገረው» አለ ፈታኙ ሲጨርስ፣ «ግን ልንገራችሁ። አሥራ አንዱ አልፈዋል። መምህርት አስቴርም አልፈዋል። ማዕከሉ አይዘጋም።»

ጋሽ ተፈራ አንዴ ዘለሉ፤ ከምሬ ነው፣ በዚያ ዕድሜያቸው። እትዬ አስቴር ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ተማሪዎቹ ድምፅ እንዳያሰሙ እርስ በርስ ተቃቀፉ። ስልኩ ግን አልተዘጋም። ፈታኙ መስመሩ ላይ ነው፣ ይተነፍሳል። ቆይቶ፣ አሁንም በእንግሊዝኛ፣ «ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም» አለ።

ጋሽ ተፈራ ወደ እትዬ አስቴር ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁላቸው።

«እናትህ እንዴት ናቸው?» አሉ እትዬ አስቴር።

«ሂድ ባሉኝ ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ሦስት ቀን አብሬያት ቆየሁ። አወራን። ማክሰኞ ሞተች።»

ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ አንዳቸውም ዘንድ አልነበረም። ንብ ነበራቸው፣ ዝናብ ነበራቸው፣ የታመመች ላም ነበረቻቸው፤ ለቅሶ ግን ጋሽ ተፈራ ቀድተውላቸው አያውቁም። ሁሉም እሳቸውን አየ። እዚያ ክፍል ውስጥ በፈተና ቀን አንድ የአማርኛ ቃል ያወጣ ወዮለት ያሉት እሳቸው ናቸው። ስልኩን ወደ እትዬ አስቴር ገፋ አደረጉት፤ «በአፍ መፍቻዎ ይንገሩት» አሉ።

«ልጄ» አሉ እትዬ አስቴር በአማርኛ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ። እንኳን ደረስክላት።»

«አሜን» አለ። በአማርኛ ሲናገር ስንሰማው የመጀመሪያችን ነው፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

አቶ ገመቹ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ»፣ እግዚአብሔር ያበርታህ፣ አሉት። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላው፤ ያለፉትም የወደቁትም ተሰልፈው በየአፋቸው፣ በየወጋቸው አጽናኑት፤ እናቱ ማን እንደነበሩ፣ ስንት ልጅ እንደወለዱ፣ የት እንደተቀበሩ ጠየቁት፤ ሰዓት የያዘ አልነበረም። ጋሽ ተፈራ መጨረሻ ላይ ቆመው ተራቸውን ጠበቁ። መሃል ላይ መስመሩ የእውነት ተቋረጠ፣ ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ መልሶ የደወለው እሱ ራሱ ነው።